መብራቱ ይጥፋ፣ ሥራው ይቀጥል



በዚህ ሰሞን ለቤተሰብ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱን የጻፈችው፣ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በካምፕ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት የምትኖር እናት ናት። ይህች እኅታችን የሠርግና የልደት ቪዲዮ በላፕቶፕ እያቀናበረች የቤቱን ገቢ ትደግፋለች። ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩ ሥዕሉንና ድምፁን አዋሕዶ አንድ ፋይል እስኪያደርገው ድረስ ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ይህን የመጨረሻ ሥራ ለሌሊቱ ትተወዋለች። እርሷ ስትተኛ ኮምፒውተሩ ይሠራል።

ከዕለታት በአንዱ ባለቤቷ የዘብ ተራውን ፈጽሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ክፍሏ በስክሪኑ ብርሃን ወገግ ብላ ጠበቀችው። ትንሹ ልጅ ነቅቶ ዓይኑን እያሸ ይነጫነጫል። አባት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለሰልፍ መነሣት ነበረበትና፣ መብራቱን ብቻ ያጠፋ መስሎት የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጎ ከደነና ተኛ። ሲነጋ እናት ክዳኑን ብትከፍት ሥራው ከሢሶው አላለፈም። የሙሽራው ቤተሰቦች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ‹‹እርሱ ዕረፍት ነሣሽኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬን ዘጋህብኝ እላለሁ። ጥፋተኛው ማን ነው?›› ስትል ደብዳቤዋን ትደመድማለች።

ከሌሊት ዘብ የተመለሰ ወታደር ጨለማ ቢሻ አይፈረድበትም። ለደንበኛ ቃል የገባች ሴትም ሥራዬ አይቋረጥ ብትል እውነት አላት። ጠቡ የመጣው ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ነገር መስለው በመታየታቸው ነው። ስክሪን የሥራው ማሳያ እንጂ ሠሪው አይደለም፤ ቢጠፋም ውስጥ ያለው ሥራ ሊቀጥል ይችላል። የላፕቶፕ ክዳን ሲከደን ግን፣ በተለመደው አሠራር ከስክሪኑ ጋር ኮምፒውተሩም ወደ እንቅልፍ ይገባል፤ የጀመረውም ሥራ ባለበት ይቆማል።

ስክሪንን ለብቻው የማጥፋት ጉዳይ አዲስ አይደለም። በቀድሞዎቹ ባለ መስታወት ቱቦ ስክሪኖች አንድ ሥዕል ለረጅም ጊዜ ከቆመ የውስጡን ቅብ እያቃጠለ ጥላውን ይተው ስለነበር፣ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎችን የሚያሳዩ ስክሪን ሴቨሮች ተፈጠሩ። እነዚህ ግን መብራት አያጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1993 ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ኮምፒውተሩ ስክሪኑን አሳርፎ ራሱ ሥራውን የሚቀጥልበትን ደንብ አወጣ። በዛሬዎቹ ኤልሲዲ ስክሪኖችም ቢሆን ጥቁር ሥዕል ማሳየት ማጥፋት አይደለም፤ ከጀርባ ያለው መብራት እንደበራ ነውና።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያላችሁ የስክሪኑን የራሱን ማጥፊያ መጫን ይበቃችኋል። ላፕቶፕ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ማጥፊያ ስለሌለው፣ በዊንዶውስ ለሚሠሩ ሁሉ አንዲት ሾርትከት ማዘጋጀት ይረዳል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ኒር ሶፈር የተባለው ባለሙያ የሠራውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ኒርሲኤምዲ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም፣ ኒርሶፍት ከተባለው ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዱ። ከሌላ ቦታ አትውሰዱ። አንዳንድ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ስለሚጠረጥሩት፣ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ፕሮግራሙ ከትክክለኛው ቦታ መምጣቱን አረጋግጡ። የታሸገውን ፋይል ፈትታችሁ በማይሰረዝ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት።

ሁለተኛ፤ በፕሮግራሙ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ‹‹ሴንድ ቱ›› ከሚለው ውስጥ ‹‹ዴስክቶፕ››ን ምረጡ። በዊንዶውስ 11 አስቀድሞ ‹‹ሾው ሞር ኦፕሽንስ›› የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሾርትከቷ በዴስክቶፑ ላይ ትታያለች።

ሦስተኛ፤ በሾርትከቷ ላይ ቀኝ ቁልፉን ተጭናችሁ ‹‹ፕሮፐርቲስ››ን ክፈቱ። ‹‹ታርጌት›› በሚለው መስመር ያለውን ጽሑፍ ሳትነኩ፣ መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ የሚከተለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምሩ። መጀመሪያ በአንድነት ሲ፣ ኤም፣ ዲ፣ ደብልዩ፣ ኤ፣ አይ፣ ቲ፤ ከክፍት ቦታ በኋላ 1000 የሚለው ቁጥር፤ ከክፍት ቦታ በኋላ ኤም፣ ኦ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ፣ ኦ፣ አር፤ ከክፍት ቦታ በኋላ ኦ፣ ኤፍ፣ ኤፍ። ከዚያም ‹‹ኦኬ››ን ተጫኑ። የመገናኛ ባልደረቦቻችን ፊደል በፊደል መልእክት መቀበል የለመዱ ናቸውና ይህ እንደማይቸግራቸው እናምናለን።

1000 የሚለው ቁጥር 1000 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። ይህ ባይኖር ሾርትከቷን የተጫነው ጣት ከማውሱ ላይ ሳይነሣ ስክሪኑ ይጠፋና፣ በእጅ ንቅናቄ ወዲያው ተመልሶ ሊበራ ይችላል። ስክሪኑን መልሶ ለማብራት ማውሱን መነቅነቅ ወይም አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃል። ስለዚህ ማውሱን ልጆች በማይነኩት ቦታ ማድረግ ያሻል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ ኮምፒውተሩ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲተኛ ታዝዞ ከሆነ ስክሪኑን ብቻ ማጥፋት አያድነውም። በ‹‹ሴቲንግስ›› ውስጥ ‹‹ሲስተም››፣ ቀጥሎም የኃይል አጠቃቀሙን ክፍል ከፍታችሁ፣ ገመዱ ከመብራት ጋር በተያያዘ ጊዜ እንዳይተኛ እዘዙት። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ስክሪናቸው ሲጠፋ ራሳቸውም ወደ እንቅልፍ ያዘነብላሉ። ስለሆነም የደንበኛ ሥራ ከማስጀመር በፊት በአጭር ቪዲዮ ለ10 ደቂቃ ያህል ሞክራችሁ እዩ። ሦስተኛው፣ የጠፋ ስክሪን የተቆለፈ ኮምፒውተር አይደለም፤ ማውሱን የነካ ሁሉ የተከፈተውን ያያል።

ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ በተለይ በቢሮ ኮምፒውተር ለሚሠሩ ነው። የቢሮ ንብረት በሆነ ኮምፒውተር ላይ የግል ፕሮግራም ያለ ፈቃድ አይጫንም። እዚያ የዊንዶውስን ምልክት የያዘውን ቁልፍና ‹‹ኤል››ን በአንድነት መጫን ይሻላል። ኮምፒውተሩ ይቆለፋል፤ አሠራሩ ካልተለወጠም ስክሪኑ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ በራሱ ይጨልማል።

የኤሌክትሪክ ቁጠባውን በተመለከተ፣ 25 ዋት የሚወስድ የዴስክቶፕ ስክሪን በየሌሊቱ ለ8 ሰዓት ቢጠፋ በ30 ሌሊት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል። የላፕቶፕ ስክሪን ከዚህ ያነሰ ስለሚወስድ፣ ቪዲዮ በሚዋሐድበት ሌሊትም ብዙውን ኃይል የሚበላው ሥራው ራሱ ስለሆነ፣ የእኅታችን ትርፍ በቆጣሪው ላይ ጎልቶ አይታይ ይሆናል። የእርሷ ትርፍ የልጆቿና የባለቤቷ እንቅልፍ ነው።

እንግዲህ እኅታችን፣ ለዚያች ሾርትከት ‹‹መብራት አጥፋ›› የሚል ስም በአማርኛ ስጪያት፤ ዴስክቶፑም ላይ ለብቻዋ፣ በጨለማ ለገባ ሰው በምትታይበት ቦታ አኑሪያት። ባለቤትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ይሞክራት። ሌሊት ሥራ የምታስጀምሪ ከሆነም እርሱ ወደ ዘብ ከመውጣቱ በፊት ንገሪው፤ ያን ጊዜ ክዳኑን መክደን አያስፈልገውም። የሙሽራውን ቤተሰብም ይቅርታ ጠይቃችሁ ቪዲዮውን ሁለታችሁ አብራችሁ ብታደርሱላቸው መልካም ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።