«ሲወለድ ይጠፋል» ለሚሉን

«የእርግዝና ስኳር ሲወለድ ይጠፋል፤ እናቶችን በምርመራ ማስጨነቅ ለምን?» ለሚለው ጽሑፍ መልስ አለኝ። ጸሐፊው በማህፀን ውስጥ የሚሆነውን ዘለውታል። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የእናቲቱን ኢንሱሊን ሲያዳክሙ ትርፉ ስኳር ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የፅንሱ ቆሽትም ኢንሱሊን በብዛት እያመረተ ልጁን ያገዝፈዋል፤ ምጥ ላይ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ፤ የጨቅላው ስኳር በድንገት የሚወርደው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውና 1,000 ነፍሰ ጡሮችን ያካተተው የአውስትራሊያ ጥናት፣ ሕክምናው በጨቅላዎች ላይ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት ከ4 በመቶ ወደ 1 በመቶ እንዳወረደ አሳይቷል። ሕክምናውም ለአብዛኞቹ ምግብን ማመጣጠንና እንቅስቃሴ ነው። ይህን ከእናቶች የምንነፍገው በምን አንጀታችን ነው?

«ይጠፋል» የተባለው ስኳር እኮ ብዙዎች ላይ ከዓመታት በኋላ ዓይነት 2 ሆኖ ይመለሳል፤ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የተመረመረችና የተገኘባት እናት ከወለደችም በኋላ እንደገና መመርመር ያለባት ለዚህ ነው።