ኦርካ ገዳይ ነው ወይ?

የልጅ ልጆቻችሁ በስልክ የኦርካን ቪዲዮ አሳይተዋችሁ ይሆናል። ያ ጥቁርና ነጭ የባሕር አውሬ ብዙ ሰው “ገዳይ ዓሣ ነባሪ” ይለዋል፤ ዘሩ ግን ከዶልፊን ነው።

አዳኝነቱ አይካድም። በ2017 ደቡብ አፍሪካ፣ ጋንስባይ ዳርቻ ትላልቅ ነጭ ሻርኮች ጉበታቸው ተወስዶ ሞተው ተገኙ። የኦርካ ሥራ ነበር። የሻርክ ጉበት ቅባት የሞላበት ነው፤ እነሱ የሚሹትን ለይተው ያውቃሉ።

ሰውስ? በባሕር ላይ በነፃነት የሚኖር ኦርካ ሰው ገደለ የሚል የተረጋገጠ መዝገብ የለም። የሰው ሞት የመጣው ከገንዳ ነው። ቲሊኩም የሚባለው በ1983 አይስላንድ አጠገብ፣ በ2 ዓመቱ ገደማ ተይዞ ለትርኢት ገንዳ ውስጥ ተዘጋበት። በ1991፣ በ1999 እና በ2010 የሞቱ ሦስት ሰዎች ስም ከእሱ ጋር ይነሳል።

ኦርካ በእናትና በአያት የሚመራ፣ አደንን ከቤተሰቡ የሚማር እንስሳ ነው። እኔ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኛ ነኝ፤ ልጅ ከእናቱ ሲነጠቅ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። ለእኔ ጥፋቱ የነጠቀው ሰው ነው።

እና ልጆቹ “ገዳይ ነው” ሲሏችሁ “ማን ከእናቱ ለየው?” ብላችሁ ጠይቋቸው። ለእንዲህ ያለ ትርኢትም ቲኬት አትግዙላቸው።