ድንጋይ ወር አይቆጥርም



የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ! ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከሽምብራ ፍሬ ስለማትበልጥ አንዲት ሰማያዊ ጠጠር ነው። «ኡስታዙ ደግሞ ወሬ አጥቶ ስለ ጠጠር ይጽፋል እንዴ?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ይቺ ጠጠር ከማውቀው አንድ ቤት ገብታ የሁለት ወር ደመወዝ በልታለች። እርሱስ ይቅር፣ ገንዘብ ሄዶ ይመጣል። የከፋው የአንዲት ወጣት ተወኩል፣ ማለትም በአላህ ብቻ መመካቷ፣ ከልቧ ወጥቶ ወደ ጣቷ መውረዱ ነው።

የምኖረው በላስታ፣ በላሊበላ ከተማ ነው። ከከተማዋ በላይ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ወደሚሳለሟት ገዳም፣ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ የእግርና የበቅሎ ዳገት አለ። በዚያ ዳገት ዳርና በከተማው ሱቆች ደጃፍ ልጆች የደላንታ ኦፓል፣ የአንገት ጌጥና ልዩ ልዩ ባለ ቀለም ጠጠር ይዘው ቱሪስት ይጠብቁ ነበር። ከመካከላቸው ብልጦቹ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ፈረንጁን «በየትኛው ወር ተወለድህ?» ይሉታል። ኦክቶበር ካለ ኦፓሉ ይወጣል፤ ማርች ካለ ሰማያዊው ይወጣል። «የልደትህ ድንጋይ ነው፣ እድል ያመጣልሃል!» ወሬውን ከቱሪስት ሰምተው ለቱሪስት መልሰው ሸጡለት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሽታውም ጦርነቱም መጥቶ ቱሪስቱ ሲርቅ ግን ወሬው ገዢ አጥቶ አልቀረም። በስልኩም በሱቁም በኩል ዞሮ ወደ እኛው ቤት ገባ።

እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። ከእኔ ዘንድ ቁርኣን የቀራች የአንዲት ልጅ እናት አንድ ቀን ከመድረሳው በር ላይ ጠበቁኝ። «ኡስታዝ፣ እባክዎ ይቺን ልጅ አንድ ይበሉልኝ» አሉኝ። ታላቅ እህቷ ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ከላቧ የሁለት ወር ደመወዝ አውጥታ አኳማሪን የሚባል ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት የብር ቀለበት ገዝታ ልካላታለች። መልእክቱ «አንቺ የመጋቢት ልጅ ነሽ፤ ድንጋይሽ ይህ ነው። ካደረግሽው ፈተናሽን ታልፊያለሽ፣ ትዳርሽም ይቃናል» የሚል ነው። እህት ለእህቷ ያሰበችው መልካም እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ልጅቱ ቀለበቱን ሌትም ቀንም አላወልቅም አለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቀለበቱ ጠፋባትና ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ሲነጋ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥር ተገኘ። እናትየዋን ያስደነገጣቸው የቀለበቱ መጥፋት አልነበረም። ልጃቸው «እንግዲህ አልፈተንም፤ እድሌ ሄዷል» ማለቷ ነው። ዓመት ሙሉ በኩራዝም በስልክ መብራትም ያጠናችው ትምህርት በአንዲት ጠጠር ተለካ!

ጌጥ ሌላ፣ እምነት ሌላ

አንባቢ ሆይ! ጌጥ ሐራም ነው ልልህ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ከባሕር የሚወጣውን ሉልና መርጃን ከጸጋዎቹ ቆጥሮ በቁርኣን አንስቶታል። ለሴት ልጅ ወርቁም ብሩም ተፈቅዷል፤ ለወንድ ወርቅ ቢከለከልም የብር ቀለበት ተፈቅዶለታል። እንዲያውም ለእኛ ለሐበሾች ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት ከብር እንደነበረና ፈርጡም ሐበሻዊ እንደነበረ አነስ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸው በሰሒሕ ሙስሊም ተመዝግቧል። ዑለማዎች ሲያብራሩት ከፊሎቹ ድንጋዩ ከሐበሻ ምድር የመጣ ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጥቁር መልኩን ለመግለጽ የተባለ ነው ብለዋል።

ታዲያ ያ ቀለበት ለምን ተደረገ? ለእድል ነውን? አይደለም! ለነገሥታት ደብዳቤ ሊጻፍ ሲታሰብ፣ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ አይቀበሉም ስለተባለ ለማኅተምነት ተሠራ። ከእርሳቸው በኋላ አቡበክር፣ ዑመርና ዑስማን (ረ.ዐ.) በተራ ያዙት። ከዚያም ከዑስማን እጅ መዲና ውስጥ አሪስ ከሚባለው ጉድጓድ ወደቀ። ሦስት ቀን ተፈለገ፤ የጉድጓዱ ውኃ ተቀድቶ ወጣ፤ አልተገኘም። ዑስማንም በምትኩ ሌላ አሠሩ። ማኅተም ነበረ፤ ማኅተም ተተካ።

ከድንጋይ ሁሉ የከበረውን፣ በካዕባ ጥግ ያለውን ጥቁሩን ድንጋይ እንኳ ዑመር (ረ.ዐ.) ሲስሙት የማይጎዳና የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደሆነ በሰው ፊት ተናግረዋል። ሐጀረል አስወድ የማይጠቅምና የማይጎዳ ከሆነ፣ ከወርቅ ቤት መስኮት የተገዛው ጠጠር ከየት አምጥቶ ይጠቅማል?

ዝርዝሩን የጻፈው ማን ነው?

«ነገሩ እኮ የጥንት ጥበብ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ድንጋይን ከኮከብ ጋር ማገናኘት አሮጌ ልማድ ነው። ዛሬ በየሱቁና በየስልኩ የሚታየው ዝርዝር ግን የነቢይ ትምህርትም የሐኪም ምርመራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ ጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ካንሳስ ሲቲ በምትባል ከተማ ተሰብስቦ ለየወሩ ድንጋይ መደበ። ለማርች ያስቀደመው ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን አረንጓዴ ድንጋይ ነበር፤ አኳማሪን ሁለተኛ ነበረች። በ1952 ነጋዴዎቹ ዝርዝሩን እንደገና ሲያዩት አኳማሪንን ወደ ፊት አመጧትና የቀድሞውን ወደ ኋላ መለሱት። በ2002 ደግሞ ታንዛናይት የሚባለውን ድንጋይ ለዲሴምበር ጨመሩ። ታንዛናይት የተገኘው በታንዛኒያ በ1967 ነው። ከዚያ በፊት በዲሴምበር የተወለደ ሰው በምን እድል ኖረ? ከዋክብት በነጋዴ ስብሰባ ቦታ ይለዋወጣሉን?

የቀን አቆጣጠሩንም ተመልከቱት። ልጅቱ የተወለደችው መጋቢት 25 ቀን ነው። መጋቢት 25 በፈረንጅ ኤፕሪል 3 ነው! በእነርሱ ዝርዝር የኤፕሪል ድንጋይ አልማዝ እንጂ አኳማሪን አይደለችም። ምስኪኗ እህት የሁለት ወር ደመወዟን ያወጣችው በራሳቸው በነጋዴዎቹ ሕግ እንኳ ለማይሠራ ድንጋይ ነው። በሂጅራ ቆጠራ ከሄድን ደግሞ ወራችን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ በክረምቱም በበጋውም ይዞራል። ከአሥራ ሦስቱ ወሮቻችን ጳጉሜን ለይተን ብንጠይቅስ? ለእርሷ ድንጋይ ያሰበላት የለም። የላስታ ገበሬማ «ገብስ ሲታጨድ ተወለደ» ነው የሚለው፤ ለገብስ አጨዳ የትኛው ድንጋይ ይታዘዝ?

ድንጋዩም ራሱ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው። አኳማሪን በላቲን የባሕር ውኃ ማለት ሲሆን ቤሪል የተባለ ማዕድን ዓይነት ነው። ሰማያዊ የሚያደርገው በውስጡ ያለ ጥቂት ብረት ነው። በእኛው አገር በጉጂ፣ በሻኪሶ በኩል የሚወጣው አረንጓዴው ኤመራልድ የዚሁ የቤሪል ወንድም ነው። ከዚህም በላይ በገበያ ያለው አብዛኛው አኳማሪን ከምድር ሲወጣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ሰማያዊነቱ እንዲጠራ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ይጋገራል። ብርጭቆ ተቀብቶም በስሙ ይሸጣል። በምድጃ የተቀለመ ጠጠር ሪዝቅ ሊያሰፋ ነውን?

የኦክቶበር ድንጋይና የደላንታ ልጆች

ወደ ቅርባችን እንመለስ። ከላስታ በስተደቡብ፣ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ዛሬ የዓለም ገበያ የሚያውቀው ኦፓል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በኦክቶበር ለተወለደ ሰው እድል ያመጣል የሚባለው ይኸው ነው። አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ኦፓል ክፉ እድል ያመጣል ብለው ይፈሩት ነበር። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወሬው ነው።

እድል በኦፓል ውስጥ ቢኖር ኖሮ ማን ይቀድም ነበር? ገደል ሥር በእጁ ቆፍሮ፣ በጨለማ አቅፎት የሚውለው የደላንታ ወጣት አይደለምን? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በዚያው በደላንታ ዋሻው ተደርምሶ 20 ያህል ቆፋሪዎች ከውስጥ መያዛቸው ተዘግቧል። በዙሪያቸው ሁሉ ኦፓል ነበረ! አፈሩን ግን አላቆመላቸውም። ይህን የምጽፈው በወንድሞቻችን ሐዘን ላይ ለመከራከር አይደለም። አንገታችን ላይ ስለሚንጠለጠለው እድል ከማውራታችን በፊት ለሚቆፍረው ሰው ድጋፍ እንጨት፣ የራስ ቁርና ትክክለኛ ዋጋ ብንጠይቅለት ይሻላል ለማለት ነው።

የራሳችንንም እንመልከት

አንባብያን ሆይ፣ ፈረንጅን ብቻ ወቅሰን አንለፍ። በአገራችን አውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ የሰው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ፣ ለ12 ተገድፎ ኮከቡ ይወጣል። የከዋክብቱን ስም ስሙ፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን። ዐረብኛ የቀራ ሁሉ ያውቃቸዋል። ስሙ ዐረብኛ ስለሆነ ግን ከኢስላም አይሆንም! በየቤታችንስ ለዛር ተብሎ የተቀመጠ ጨሌ፣ በሕፃን አንገት የታሰረ ዶቃ የለምን? «ዐቂቅ ያደረገ ድህነት አይነካውም» እያሉ በነቢያችን ስም የሚያወሩም አሉ፤ የሐዲስ ሊቃውንት መርምረው ትክክለኛ ሰነድ አላገኙለትም።

የነቢያችን ልጅ ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ ብትጋረድ ሰዎች ለእርሱ ሞት ነው አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በሐዘናቸው መካከል ቆመው ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ልደት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። የራሳቸው ልጅ ሞት ከሰማይ ጋር እንዲቆራኝ ያልፈቀዱ ነቢይ ኡመት ነን። የእኛ ልደት ከድንጋይ ጋር ይቆራኝ?

«ልማድ እንጂ እምነት አይደለም» ለምትሉኝ ፈተናው ቀላል ነው፤ ለአንድ ሳምንት አውልቁት። ልባችሁ ካልተሸበረ ጌጥ ነው፤ በደስታ አድርጉት። ልባችሁ ከተሸበረ ግን ጉዳዩ ከጌጥ አልፏል። ድንጋዩ በራሱ ይጠቅማል ብሎ ማመን ትልቁ ሺርክ ነው፤ የሚጠቅመው አላህ ነው፣ ድንጋዩ ግን ሰበብ ነው ማለትም አላህ ሰበብ ያላደረገውን ሰበብ ማድረግ ነውና ዑለማዎች ከትንሹ ሺርክ ቆጥረውታል።

ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶች ሆይ! ላባችሁን ወደ ጠጠር አትለውጡት። የፈተና ደብተር፣ የመጽሐፍ ዋጋ ላኩ፤ ከሁሉ በላይ ዱዓችሁን ላኩ። አባቶችና እናቶች ሆይ! ቀለበቱን ነጥቃችሁ አትስበሩት፤ ልጅ በቁጣ አትመለስም። አስቀምጣችሁ አስረዷት፤ ትዳርና ትምህርት ሲያስጨንቃት ሁለት ረከዓ የኢስቲኻራ ሶላት አስተምሯት። ድንጋይ የምትሸጡ ወንድሞች ሆይ! ድንጋዩን በድንጋይነቱ፣ በውበቱ ሽጡ፤ ሐላል ነው። እድሉን ግን አትሽጡ፤ የእናንተ አይደለምና።

ልጅቱስ ምን ሆነች? አወራን፤ መጋቢት 25ን ቆጥረን ኤፕሪል ላይ ስንደርስ ፈገግ አለች። በፈተናው ቀን ቀለበቱ እናቷ ሳጥን ውስጥ ቀረ፤ እርሷ ቢስሚላህ ብላ ገባች። ውጤቷን አልነግራችሁም። ብታልፍ ቀለበቱን ስላወለቀች ነው፣ ብትወድቅም ስላወለቀች ነው እንዳትሉ! ያ ራሱ ድንጋዩን መልሶ ጣት ላይ ማሰር ነው።

አላህ ልባችንን በእርሱ ላይ ብቻ ያጽናልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።