ለሕፃናት የሚቀዳው ቡና ረሃብንና ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም

እንደሚታወቀው አገራችን የአረቢካ ቡና መገኛ ናት። ቡና ለገበሬው የገቢ ምንጭ፣ ለእንግዳ ማክበሪያ፣ ለጎረቤት መገናኛ ሆኖ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቡናን መንቀፍ አይደለም። ሆኖም ከአቦልና ከቶና በኋላ በረካው ሲቀዳ የሕፃናቱ ስኒ አብሮ መደርደሩ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ስለሆነ፣ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ጥቂት ነጥቦችን ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ጸሐፊ ለሥራ ጉዳይ በደቡብ ምዕራብ በሚገኝ አንድ ቡና አብቃይ መንደር አድሮ ነበር። ማለዳ ላይ ስምንት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ ከበቆሎ ማሳው ማማ ወርዶ ወደ ቤት ገባ። ሌሊቱን ያሳለፈው ከርከሮና ጃርት ሲጠብቅ ነው። እናቱ ሁለት ስኒ ቡና በጨው ቀድታ ከአንድ እፍኝ ቆሎ ጋር ሰጠችው። የጠዋቱ ወተት ለቅቤ እንዲጠራቀም ወደ ቅሉ ተገልብጦ ነበር። «እትዬ፣ ልጁ ሌላ የሚበላው የለም?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ወንድሜ፣ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ቡናው ሆዱን ይይዝለታል። ማታም ካልጠጣ ማማው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል» ስትል መለሰችልኝ።

ሴትዮዋ የተናገረችው እውነት ነው። ቡና ሆድን ይይዛል፤ እንቅልፍንም ያባርራል። ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

በቡና ውስጥ የሚገኘው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካፌይን ይባላል። ተክሉ ይህን የሚያዘጋጀው ቅጠሉንና ፍሬውን ከተባይ ለመከላከል ነው። በአንድ መቶ ኪሎ የአረቢካ ቡና ውስጥ ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ካፌይን ይገኛል። ሻይ ቅጠልም ካፌይን አለው። ካፌይን በአንጎል ውስጥ «ደክመሃል፣ ተኛ» የሚለው ምልክት የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። ድካሙ ግን በሰውነት ውስጥ እንዳለ ይቆያል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉበቱ ስላልጠና ግማሹን ለማስወገድ ሦስት ቀን ያህል ሊወስድበት ይችላል። ካፌይን በእናት ጡት ወተት በኩል ስለሚተላለፍ የምታጠባ እናትም ስኒዋን መቀነስ ይገባታል።

ሌላው ጉዳይ የክብደት ልዩነት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አባወራና 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እኩል ስኒ ቢጠጡ፣ በኪሎ ሲሰላ ለሕፃኑ የሚደርሰው አራት እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለልጆች በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መነሻ አስቀምጧል። ይህም ለ15 ኪሎ ሕፃን 45 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና 90 ሚሊ ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ግማሹ ኩባያ ብቻ ልኩን ይሞላዋል። የጀበና ቡና እንደ ዱቄቱ ብዛትና እንደ አፈላሉ ይለያያል። በረካውም ቢቀጥን ካፌይን አልባ አይደለም።

ከዚህ በተጨማሪ ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉ። ይህን የሚያደርገው ካፌይኑ ሳይሆን በውስጣቸው ያሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና ሰውነት የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ቅነሳ አልታየም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር ከመጠጣት አልተሻለም። ብረት ሲጎድል ደም ማነስ ይከተላል፤ ደም ያነሰው ልጅም ቶሎ ይደክማል፣ ትምህርት አይገባውም።

ቡና የልጅን አጥንት ያሳጥራል የሚለው አባባል ግን በጥናት አልተረጋገጠም። ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው ቡናው የተካው ቁርስና የነጠቀው እንቅልፍ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ማማ ላይ ያደረ ልጅ ይህን ከየት ያገኛል?

«እኛም ጠጥተን አድገናል» የሚሉ አባቶች ይኖራሉ። በእርግጥ ያደጉትን እናያቸዋለን። ከክፍል እያንቀላፉ ትምህርታቸውን ያቋረጡትን ግን ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ይህ ጸሐፊም ቢሆን ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲጠይቅ ኖረ እንጂ፣ ማሳውን ሌሊት የሚጠብቀው ማን እንደሆነ እስከዚያች ማለዳ ድረስ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ስለሆነም መሪዎች በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ከአባሎቻቸው ጋር ቢወያዩ መልካም ነው። አንደኛ፣ የሌሊት ጥበቃ በአዋቂዎች ተራ እንዲሸፈን ማድረግ። ማሳዎች አጎራባች በሆኑበት ቦታ ሁለት አዋቂዎች የብዙ ቤት በቆሎ ሊጠብቁ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ላም ያለው ቤት ወተቱ ለቅቤ ከመጠራቀሙ በፊት ለልጆች አንድ አንድ ኩባያ እንዲያስቀር፣ ላም የሌለው ደግሞ የጠዋት ገንፎ ወይም ቂጣ እንዳያጓድል መምከር። ሦስተኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በመተባበር ጉዳዩን በስብሰባና በደቦ ላይ ማስረዳት። ቡና የለመደ ልጅ በአንድ ጊዜ ቢከለከል ራስ ምታትና ንጭንጭ ሊይዘው ስለሚችል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሱ ማስተው ይሻላል።

እነዚህ ነጥቦች ከሁሉ በፊት የመሪውን ቆራጥነት ይጠይቃሉ። በመጪው ስብሰባ የጥበቃው ተራ ሲነሣ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የአባት ስም ይሁን፤ ልጁ ቤቱ ተኝቶ ይደር።