ጦርነትን የሚያውጅ ሰው እንጂ ወጥመድ አይደለም

የሃርቫርዱ ምሁር ግራሃም አሊሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ባለፉት 500 ዓመታት አዲስ ተነሺ ኃይል ገናናውን ከተገዳደረባቸው 16 አጋጣሚዎች 12ቱ በጦርነት አብቅተዋል ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ጦርነት አይቀሬ ነው አላሉም፤ ቁጥሩ ግን ያንኑ ያስብላል። አሊሰን በጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ስም የሰየሙትን «የቱሲዲደስ ወጥመድ» የሚለውን ሐረግ አንግበው አሜሪካና ቻይና መዋጋታቸው አይቀርም የሚሉ የበዙትም ለዚህ ነው።

እስቲ ዋናውን ማስረጃ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት የፈነዳበትን 1914ን፣ እንፈትሸው። አሊሰን የብሪታንያና የጀርመን ፉክክር አድርገው ቆጥረውታል። የሁለቱ የጦር መርከብ እሽቅድምድም ግን ከ1912 ወዲህ በርዶ፣ ጀርመን ትኩረቷን ወደ ምድር ጦሯ አዙራ ነበር። እሳቱ የተጫረው ለንደን ሳይሆን ቪየና ላይ ነው፤ የጫረችውም እያሽቆለቆለች የነበረችው ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ናት። «አይዞሽ» ያለቻት በርሊን ደግሞ የምትፈራው የሩሲያን መጠናከር ነበር። ታዲያ ተነሺው ማን ነው፣ ገናናውስ?

ጁላይ 28 ጠዋት የጀርመኑ ካይዘር ቪልሄልም ሰርቢያ ለቪየና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሰጠችውን መልስ አነበቡ፤ ለጦርነት የሚያበቃ ምክንያት ሁሉ እንደተወገደም በኅዳጉ ላይ ጻፉ። ኦስትሪያ በዚያው ዕለት በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። መውጫው በር ታይቶ ነበር ማለት ነው፤ የሚወጣበት ጠፋ እንጂ።

ይህን ሁሉ በታሪክ ሕግ ማሳበብ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ዋሽንግተንና ቤጂንግ ነገ ቢታኮሱ፣ ተጠያቂዎቹ ትእዛዙን የሚፈርሙት ናቸው፤ ከ2,400 ዓመት በፊት የጻፈው ግሪካዊ ምን አደረገ?