ትዝታ የት ነው?

ቅዳሜ ረፋድ እኔና የሰባት ዓመት ልጄ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ተነስተን ደሴ ፒያሳ ወረድን። ዕቅዳችን በእግር መዞር ብቻ ነበር። ከአንድ ሻይ ቤት የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ሲሰማ ቆም አልን። ልጄ አራቱን ቅኝቶች ታውቃለች፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለ ተራራማ ወረዳ፣ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ መሆኗን ግን አልነገርኳትም ነበር። ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ትዝታ የት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ወደ አራዳ ስንሄድ የግድግዳ ሥዕል ፍለጋ ጀመርን። በእጅ የተሳለ የፀጉር ቤት ምልክት፣ የሥጋ ቤት በሬ፣ ፊደሉ ወደ ጎን ያዘመመ የልብስ ሰፊ ማስታወቂያ። ልጄ በሬውን «ይስቃል» አለች፤ እውነትም ይስቃል። ከየምልክቱ አጠገብ ግን የታተመ ባነር ተሰቅሏል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊደል፣ ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ። (በነገራችን ላይ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ደሴ ዳገት ናት። ሲደክማችሁ ባጃጅ አለ።)

አንድ ሰዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ የሱቅ በር ይቀባ ነበር። ሥራ እንዴት ነው ስለው፣ «ባነር በአንድ ቀን ይደርሳል፤ እኔ ሦስት ቀን እፈጃለሁ» አለኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ መሆኔን አልነገርኩትም። ባነር የማሳትመው እኔው ነኝ፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አለቃም አይጠይቅም። ስልኩን ተቀበልኩት። የሚቀጥለው ወር ባነር ግን ታትሞ ቢሮ ተቀምጧል።