ፊደል የሚበላ ማጣሪያ

ጉሙዝኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አማርኛ የማይጠቀምባቸው ሆሄያት ያስፈልጉታል። ለምሳሌ ꬨ ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገር የ«በ» ድምፅ ነው። የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እነዚህ 14 የጉሙዝ ሆሄያት ግን እስከ 2010 ጠብቀዋል። የ11 ዓመቱ መዘግየት ዛሬም ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ሲኬኤዲተር ያሉ የድረ ገጽ ኤዲተሮች የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው፤ የሚያጣራው ግን ታግና ስታይል እንጂ ፊደል አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ባለሙያው «የኢትዮጵያ ፊደል ብቻ ይግባ» ብሎ የራሱን ማጣሪያ ሲጨምርና ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ብቻ ሲፈቅድ ነው። አማርኛ እዚያ ውስጥ አለ። የጉሙዝ ሆሄያት ግን ርቀው፣ በሌላ ሠንጠረዥ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ የካማሺ ወይም የመተከል መምህር ጽፎ «አስቀምጥ» ሲል፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቃሉ ጎዶሎ ይሆናል። አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ ተቀምጦ በአማርኛ ብቻ የሞከረ ባለሙያ ስህተቱን በጭራሽ አያየውም።

መንስኤውን መለየት ከባድ አይደለም። ሆሄው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ አልጠፋም፤ የጎደለው ፎንት ነው። ጭራሽ ከሌለ ማጣሪያ በልቶታል። ገና ሲለጠፍ ከጠፋ ኤዲተሩ ውስጥ፣ ከተቀመጠ በኋላ ከጠፋ ሰርቨሩ ላይ ይፈለግ።

«ማጣሪያው ለደህንነት ነው» የሚሉ አሉ። ማጣሪያ ማስፈለጉ እውነት ነው፤ አደጋው ግን የሚመጣው ከስክሪፕትና ከታግ እንጂ ከ ꬨ አይደለም። ፊደል መገደብ የግድ ቢሆን እንኳ፣ ጃቫስክሪፕት ከ2018 ጀምሮ ቁጥር ሳይጠቀስ «የግዕዝ ፊደል በሙሉ» ብሎ መፍቀድ ያስችላል። የአንድ መስመር እርማት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና ሰጥቷል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ይህን አይሽረውም። እንግዲህ ለክልሉ የሚሠራ ድረ ገጽ ርክክብ ሲደረግ አንድ ፈተና ይጨመር፦ በጉሙዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይለጠፍ፣ ይቀመጥ፣ ተመልሶ ይከፈት። አንድ ሆሄ ከጎደለ ርክክቡ አይፈረም።